ስለ ተሰበረው አድራሻ



የትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት መጽሔት በ2008 ዓ.ም. ሲታተም በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ አጭር ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ማስታወቂያው የበዓሉ ፎቶግራፎች ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ስለ ተቀመጡ ማንም ሰው ከዚህ በታች በተጻፈው አድራሻ ገብቶ ሊያያቸው ይችላል ይላል። አድራሻው ረዥም ስለ ነበረ በሁለት መሥመር ተከፍሎ ታትሟል፤ እንዲታይም ተብሎ ከሥሩ ተሰምሮበታል። በዚያን ጊዜ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁና ስለ ነገሩ የማውቀው አልነበረኝም። ዘንድሮ ግን የ60ኛው ዓመት መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ አባል ሆኜ ስመረጥ የመጀመሪያው ሥራዬ ያንን አድራሻ መክፈት ሆነ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ባለቤታቸው ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የነበሩ ሲሆን ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እማማ አሮጌውን መጽሔት በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው በጣታቸው እያመለከቱ፥ «ልጄ፥ በዚያ በዓል ቀን ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። እዚህ ውስጥ አለ ብለውኛል። የልጅ ልጄ በስልኩ ሞከረው፤ እምቢ አለው። አንተ የተማርህ ነህና አውጣልኝ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ማታ ቁጭ ብዬ የታተመውን ፊደል በፊደል ብጽፈው ስልኬ «እንዲህ ያለ ቦታ የለም» የሚል መልስ ሰጠኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ያንን በር ለመክፈት ስል የተማርሁት ታሪክ ነው። ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን የአገራችን አቆጣጠር በሚሆንበት ስፍራ «ዓ.ም.» እያልሁ እለያለሁ።

አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጽሑፍ ጋር የማያያዝ ሐሳብ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ቫኔቫር ቡሽ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ አንባቢው መጻሕፍቱን በውስጡ አከማችቶ እያያያዘ የሚያነብበት «መሜክስ» የሚባል መሣሪያ አስቦ ነበር፤ መሣሪያው ግን ከቶ አልተሠራም። ከእርሱ በኋላ ቴድ ኔልሰን በ1965 «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል ለዓለም አስተዋወቀ። ኔልሰን ያሰበው ማያያዣ ወዲያና ወዲህ የሚያይ ነበር። ይኸውም እኔ ወደ አንተ ጽሑፍ ባመለክት አንተም ማን እንዳመለከተብህ ታውቃለህ፤ ጽሑፍህን ከቦታው ብታነሣው ማያያዣው አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እንደ ታሰበው ሆኖ ዓለም ሁሉ ሳይጠቀምበት ቀረ።

ዓለም የተጠቀመበትን የሠራው ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። በስዊስና በፈረንሳይ ድንበር ላይ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ድርጅት ይሠራ ነበር። በዚያ ድርጅት ከብዙ አገር የመጡ ሊቃውንት ስለሚሠሩና ስለሚለዋወጡ ማን ምን እንደ ጻፈ፥ የትስ እንዳስቀመጠው ማወቅ ችግር ሆኖ ነበር። ስለዚህ በርነርስ ሊ በመጋቢት 1989 አንድ ሐሳብ ጽፎ ለአለቃው ለማይክ ሴንዳል አቀረበ። ሴንዳልም በወረቀቱ ራስጌ ላይ ነገሩ ግልጽ እንዳልሆነ ግን እንደሚያጓጓ የሚገልጹ ጥቂት ቃላት ጻፈበት። (እንዲህ ያለ አስተያየት በፈተና ወረቀቴ ላይ ቢጻፍልኝ ምን ያህል ነጥብ እንደሚያሰጠኝ አላውቅም።) በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው ድረ ገጽ በበርነርስ ሊ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ጀመር። ኮምፒዩተሩን ሰው ሳያውቅ እንዳያጠፋው በላዩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር፤ እርሱ ቢጠፋ ድሩ ሁሉ ይጠፋ ነበርና። ነሐሴ 1991 ነገሩ በይፋ ተነገረ። ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ደግሞ ሰርን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

በርነርስ ሊ ከኔልሰን የተለየበት ነገር አንድ ነው፤ ማያያዣው ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲያይ አደረገው። እኔ ወደ አንተ ገጽ ሳመለክት ፈቃድህን አልጠይቅም፤ አንተም ማመልከቴን አታውቅም። ድሩ ጥቂት ዓመታት ሳይሞሉት ዓለምን የሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉ ሰው እርስ በርሱ እየተፈቃቀደ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በፈቃድ ላይ በሆንን ነበር። ነገር ግን አንተ ገጽህን ስታነሣ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። የእኔ አድራሻ ባዶ ቦታ እያመለከተ ይቀራል። ስለዚህ የአድራሻ መሰበር በኋላ የመጣ በሽታ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ከዕድገቱ ጋር አብሮ የተገዛ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ አድራሻው እንግባ። የድረ ገጽ አድራሻ በደንብ ተወስኖ የተጻፈው በታኅሣሥ 1994 ሲሆን፥ ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ደግሞ በ2005 ወጥቷል። አድራሻው መጀመሪያ ኮምፒዩተሮቹ በምን ዓይነት ሥርዐት እንደሚነጋገሩ ይናገራል፤ ከዚያ ሁለት ነጥብና ሁለት እዝባር ይከተላል፤ ቀጥሎ የቤቱ ስም ይመጣል፤ ከቤቱ ስም በኋላ በቤቱ ውስጥ ወዳለው ክፍል የሚወስደው መንገድ ይጻፋል። ስለ ሁለቱ እዝባሮች በርነርስ ሊ በ2009 ሲጠየቅ ሳያስፈልጉ የገቡ መሆናቸውን አምኗል። የዓለም ሕዝብ ስንት ጊዜውን፥ ስንት ወረቀቱንም በእነርሱ እንዳባከነ አንባቢው ራሱ ይገምት።

ይህን ከፖስታ ጋር ማነጻጸር ደስ ይለኛል። በአገራችን ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ደብዳቤ ስንልክ የሰውየው ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ፖስተኛው ሰው ነውና ያስተካክለዋል። በአዲስ አበባም መንገድ ስንጠይቅ «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፥ ከመድኃኒት ቤቱ አለፍ ብለህ ጠይቅ» እንባላለን፤ እንደርሳለንም። ኮምፒዩተር ግን አይጠይቅም። አንዲት ጭረት ብትበዛ ወይም አንዲት ነጥብ ብትጎድል ያንን ሌላ አድራሻ ነው ብሎ ይወስደዋል። በቤቱ ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ልዩነት አያመጣም፤ ከቤቱ ስም በኋላ ባለው መንገድ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ልዩነት አለው። ስልኮቻችን የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ራሳቸው ትልቅ እያደረጉ ሲያርሙልን ስንት አድራሻ እንዳበላሹብን!

አድራሻ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የሚደርስበት ብልሽት በዚህ ይጀምራል። በተለይም እኛ አማርኛ ጸሓፊዎች የራሳችን የሆነ ችግር አለብን። በቋንቋችን «ከ» እና «በ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ስለዚህ ጓደኛዬ ቅጹን ከእንዲህ ያለ አድራሻ አግኙት ብሎ ሲጽፍ «ከ» የምትለውን ፊደል ከአድራሻው መጀመሪያ ጋር ያጣብቃታል። ከመጨረሻውም አራት ነጥቡን ያለ ባዶ ቦታ ያስከትለዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም የእኛን አራት ነጥብ እንደ ሥርዐተ ነጥብ ስለማያውቀው የአድራሻው ክፍል አድርጎ ይወስደዋል። ተቀባዩ ሲነካው አይከፈትም፤ ላኪውንም «የላክህልኝ የተበላሸ ነው» ይለዋል። ላኪው ራሱ ሲሞክረው ደግሞ ይከፈትለታል፤ በእርሱ ዘንድ ያለው ንጹሑ አድራሻ ነውና። በክፍላችን የቡድን መልእክት ውስጥ በዚህ የተነሣ የተፈጠረውን ክርክር ብጽፈው ይህ መጽሔት አይበቃውም። መድኃኒቱ ግን አድራሻውን ለብቻው በአንድ መሥመር ላይ ማስቀመጥ ነው።

ሌላው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ሆኖም አድራሻ በጥንቱ ደንብ ከላቲን ፊደልና ከጥቂት ምልክቶች በቀር አይቀበልም። ስለዚህ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል መጀመሪያ በሦስት ባይት ይመነዘራል፤ እያንዳንዱም ባይት በአንድ የመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄያት ወይም አኃዞች ይጻፋል። እንግዲህ ይህ ለአንድ ፊደል 9 ምልክት ማለት ነው። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ስለ አዲስ አበባ የተጻፈውን ገጽ አድራሻ እንውሰድ። «አዲስ አበባ» 6 ፊደል ነው፤ ሲመነዘር 54 ይሆናል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን አንድ ምልክት ስንጨምር 55፤ ከፊቱ ያለው 30 ስለ ሆነ ጠቅላላው 85 ነው። በስልክ አጭር መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል እንኳ ከገባች ደግሞ መልእክቱ የሚይዘው 160 መሆኑ ቀርቶ 70 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ይኸው አንብበው» ብዬ አድራሻውን ባስከትል መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል። አዲሶቹ ስልኮች ሁለቱን ያገጣጥሟቸዋል፤ አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ግን ግማሽ አድራሻ ይደርሰዋል።

ረዥም አድራሻ ያስቸገረው እኛን ብቻ አይደለም። በ2002 ኬቪን ጊልበርትሰን የተባለ በአንድ ጎማ ብስክሌት መንዳት የሚወድ አሜሪካዊ ስለዚሁ ስፖርት የሚላላኩት ሰዎች ረዣዥም አድራሻ እየተሰበረባቸው ቢቸገር ታይኒዩአርኤል የተባለውን ማሳጠሪያ ሠራ። ከእርሱ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። ነገር ግን አጭሩ አድራሻ ራሱ ሌላ ቤት ነው፤ በዚያ ቤት በኩል ካላለፍህ ወደ ፊተኛው ቤት አትደርስም። ጉግል በ2009 ያቋቋመውን ማሳጠሪያ በ2019 ለአዲስ ሥራ ዘጋው፤ በ2024 ደግሞ የቆዩትንም በነሐሴ 2025 እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ቀኑ ሲቃረብ አገልግሎት ላይ ያሉትን ለማቆየት ወሰነ እንጂ ብዙ ሰው ሊቸገር ነበር።

ደግሞም አድራሻው ፍጹም ትክክል ሆኖ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። አንድ መምህራችን የማስታወሻቸውን አድራሻ ልከውልን 43 ተማሪዎች አንድ ጊዜ «ፈቃድ የለዎትም» የሚል መልስ አገኘን። ጽሑፉ ለእርሳቸው ብቻ የተከፈተ ነበር፤ በራሳቸው ኮምፒዩተር ስለሚከፈትላቸውም እኛን ሰነፎች አድርገው ቆጠሩን። ስለዚህ አድራሻ የሚልክ ሰው አስቀድሞ ስሙን ባላስመዘገበበት ሌላ መሣሪያ ቢሞክረው ይሻላል።

ወደ እማማ ጉዳይ ልመለስ። «እንዲህ ያለ ቦታ የለም» የሚለው መልስ ስሕተቱ በቤቱ ስም ላይ መሆኑን ያመለክታል፤ ቤቱ ከተገኘ በኋላ ክፍሉ ቢጠፋ መልሱ ሌላ ነበርና። መጽሔቱን እንደ ገና ብመለከት የቤቱ ስም በመሥመሩ መጨረሻ ተቆርጦ ጭረት ተደርጎበታል። አታሚው ማንኛውንም ረዥም ቃል እንደሚቆርጥ አድርጎ ቆርጦታል ማለት ነው። የሚገርመው የ2005ቱ ደንብ በዚህ ነገር ላይ አስጠንቅቆ ነበር። አታሚዎች በመሥመር መጨረሻ የራሳቸውን ጭረት ሊጨምሩ ስለሚችሉ አንባቢው ይጠንቀቅ ይላል፤ በጽሑፍ መካከል የሚገባ አድራሻም በማዕዘን ቅንፍ እንዲከበብ ይመክራል። ጭረቱን አወጣሁ። ቤቱም ተገኘ! ነገር ግን መልሱ «404» የሚል ሆነ።

404 ማለት ቤቱ አለ፥ የጠየቅኸው ክፍል ግን አልተገኘም ማለት ነው። በሥርዐቱ መሠረት በ4 የሚጀምር ቁጥር ጥፋቱን በጠያቂው ላይ ያደርጋል፤ በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ቁጥሩ በሰርን ካለ ከአንድ ክፍል ቁጥር የመጣ ነው የሚል ወሬም ይነገራል፤ ከበርነርስ ሊ ጋር የሠራው ቤልጅጋዊው ሮበርት ካዮ ግን ተረት ነው ብሎ አስተባብሏል።

በታተመው አድራሻ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ይታያል። አድራሻ ግን ባዶ ቦታ አይቀበልም። ስለዚህ እዚያ የነበረው ከሥር የሚጻፈው ጭረት መሆን አለበት፤ አታሚው ለማሳመር ያሰመረው መሥመር ሸፍኖታል። ያንንም ጨመርሁ። አሁንም 404። የትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ሲሠራ አሮጌዎቹ ገጾች ተነሥተው እንደ ነበር የነገሩኝ በማግሥቱ ነው። ያነሣቸው ሰው ክፉ አላሰበም፤ በመጽሔታችን ላይ የታተመ አድራሻ መኖሩን አላወቀም ብቻ።

በርነርስ ሊ በ1998 በጻፈው ጽሑፍ አድራሻ ራሱ አይለወጥም፥ የሚለውጡት ሰዎች ናቸው ሲል ወቅሷል። የእርሱ የራሱ የመጀመሪያ ገጽ እንኳ ለብዙ ዓመታት በቦታው አልነበረም፤ ሰርን በ2013 በፊተኛው አድራሻ መልሶ ሲያኖረው የተገኘው ቅጂ የ1992 ነበር። በ2014 የሐርቫርድ የሕግ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዶች ውስጥ ከተጠቀሱት አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ የተጠቀሰውን ነገር አያሳዩም ነበር። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከልም በ2024 እንዳስታወቀው በ2013 ከነበሩት ገጾች 38 ከመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አልተገኙም። የፍርድ ቤት መዝገብ እንዲህ ከሆነ የእኛ ዘበኛ ፎቶግራፍ ምን ይገርማል?

የቀረው አንድ በር ነበር። ብሩስተር ኬል የተባለ አሜሪካዊ በ1996 «ኢንተርኔት አርካይቭ» የተባለውን ቤተ መዛግብት በሳን ፍራንሲስኮ አቋቁሟል። ፕሮግራሞቹ በድሩ ውስጥ እየዞሩ የገጾችን ቅጂ ይወስዳሉ፤ ከ2001 ጀምሮም ማንም ሰው አሮጌ አድራሻ ጽፎ ገጹ በዚያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር ሊያይ ይችላል። አድራሻውን ያለ ጭረቱ ስጽፍለት አላውቅም አለኝ። ከሥሩ ጭረት ጨምሬ ስጽፍ አንድ ቅጂ ብቻ ወጣ፤ በዚህም ግምቴ ትክክል መሆኑ ታወቀ። በገጹ ላይ የሥዕሎቹ ዝርዝር አለ። 31ኛው «በበሩ ላይ» ይላል። ብነካው ትልቁ ፎቶግራፍ አልተቀመጠም። የተቀመጠው በዝርዝሩ ጎን ያለው የቴምብር ያህል ትንሽ ምስል ብቻ ነው።

በማግሥቱ እማማን አስጠራኋቸው። ምስሉን የቻልሁትን ያህል አሳድጌ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር አሳየኋቸው። ፊቱ አይለይም፤ ኮፍያና የተዘረጋ እጅ ብቻ ይታያል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደ ገና አደረጉት፤ ወደ መስተዋቱም ተጠጉ።

«እሳቸው ናቸው። መኪና ሲያስገቡ እጃቸውን እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አሉ።

ትልቁን ሥዕል የወሰደው ሰው ካለ በቤቱ ይኖር ይሆናል ብለን ለቀድሞ ተማሪዎች ጽፈናል፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። በኮሚቴያችን ውስጥ በዚህ መጽሔት አዲስ አድራሻ እናትም፥ ወይስ በስልክ የሚነበበውን አራት ማዕዘን ኮድ እናድርግ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔ ኮዱ በውስጡ የያዘው ያንኑ አድራሻ ስለ ሆነ ገጹ ሲጠፋ ኮዱም አብሮ ይሞታል ብዬ ተከራከርሁ። በመጨረሻም ሁለቱ እንዲታተሙ፥ አድራሻው በአንድ መሥመር ሳይሰመርበት እንዲቀመጥ፥ የበሩ ፎቶግራፍ ግን በወረቀቱ ላይ እንዲወጣ ተወሰነ። በሚቀጥለው ገጽ ይገኛል። ለእማማም አንድ ቅጂ በዘበኛው ቤት ተቀምጦላቸዋል።